አግድም የነበረው እጀታ

የናፍጣ ሽታ ሲሸተኝ ዛሬም ቀድሞ የሚመጣብኝ ኀፍረት ነው። ሱዳን ውስጥ፣ ዶካ ላይ፣ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባቴን በገዛ አፌ ከእንጀራው አፈናቅዬዋለሁ።

አባቴ የአንድ በረዶ ቤት ጄኔሬተር ጠባቂ ነበር። በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ለየእርሻው የሚሄደው በረዶ ከዚያ ግቢ ነበር በሎሪ የሚጫነው። ምሳውን የማደርስለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ደስ ብሎት ከበርሜሉ ወደ ሞተሩ ናፍጣ የሚያወርደውን ቫልቭ አሳየኝና «እጀታው እንደ ቧንቧው ከተኛ ክፍት ነው፤ ቧንቧውን ካቋረጠ ዝግ ነው» አለኝ። እሱ ራሱ ግን እጀታውን ብቻ አምኖ አያውቅም። ሁልጊዜ ጠዋት ሞተሩ አጠገብ ያለችውን ብሎን ላላ አድርጎ፣ ናፍጣው ሲንጠባጠብ በዓይኑ ካላየ አያስነሳም። እኔ ይኼ ትርፍ ልፋት ይመስለኝ ነበር።

በኋላ እጀታው ተሰበረ። ቀጥቃጭ የሠራለት አዲሱ ረዝሞ ግድግዳው አላዞር ስላለው፣ አባቴ ነቅሎ በሌላ በኩል ገጠመው። ከዚያ ወዲህ ቧንቧውን ያቋረጠ አግድም ማለት ክፍት ሆነ። ለእኔ መንገር ግን ትዝም አላለው። ምሳ አመላላሽ ምን ሊያደርግላት!

አንድ ቀትር ላይ ምሳውን እንዳደረስኩ ሞተሩ አስሎ አስሎ ቀጥ አለ። የበረዶ ቤቱ ባለቤት በርካሽ ገዝቶ ያመጣው ናፍጣ ውኃ ነበረበት። አባቴ ማጣሪያውን ሲፈታ በረዶው እየቀለጠ ግቢው ጭቃ ሆነ፤ ሎሪዎቹም ባዷቸውን ተመለሱ። ባለቤቱ እየጮኸ መጣ።

«ቫልቩን ዘግተህ ረስተኸው ነው!»

አባቴ ቢምል ቢገዘት አላምን አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ድምፁን አለስልሶ፣ «ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ እዚህ ነበርሽ። ሞተሩ ሲጠፋ እጀታው እንዴት ነበር?» አለኝ።

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ማወቄን ላሳይ ቸኮልኩ።

«አግድም ነበር። ዝግ ነበር» አልኩ።

«ሰማህ ጎሹ? ልጅህ አትዋሽም። ኻላስ፣ አበቃ!»

አባቴ «እጀታው ተገልብጦ ነው የተገጠመ፣ ና ላሳይህ» ቢል ማን ይስማው። የዚያኑ ቀን ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ። እያለቀስኩ ስከተለው መንገድ ላይ ቆም አለና «ያየሽውን ነው የተናገርሽ፣ ልጄ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላነሣብኝም።

በማግስቱ የተተካው ሰው እጀታውን እንደ ቧንቧው አስተኝቶ ሞተሩን ቢያስነሳ፣ ቢያስነሳ እምቢ አለው። አግድም ቢያዞረው ተነሳ፤ እውነቱ ወጣ። ባለቤቱ ግን አባቴን አላስጠራውም፤ ተሳሳትኩ ማለት ሞት መሰለው። አባቴም ሰሊጥ ሲያርምና ሲያጭድ፣ ከክረምት እስከ በጋ አጎንብሶ ዓመታት አሳለፈ።

ዛሬ ገዳሪፍ ነው የምኖረው። በየጣሪያው ሶላር ተደርድሯል፤ የዶካው በረዶ ቤትም ጄኔሬተሩን ከጣለ ቆየ አሉ። ያኔ ልጅ ሲጠየቅ ፈጥኖ መመለሱ ጨዋነት ነበር። አሁን ትልቅ ሰው ልጄን አንድ ነገር ሲጠይቃት፣ ሳላስበው እጄ አፏን ሊይዝ ይሄዳል። አባቴ ወደ አገሩ መተማ ተመልሷል፤ ወገቡ አልቃና ብሎታል። በስልክ ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር ሁልጊዜ «የምኑን?» ይለኛል። ያን ቀን በጥፊ ቢለኝ ኖሮ እስካሁን ሽሮልኝ ነበር።