ከለውዙ ጋር የመጣው ወረቀት

ታላቅ እህቴ ጅዳ ሄዳ ሰው ቤት በተቀጠረች በአራተኛው ዓመት፣ ከዚያው የተመለሰች አንዲት የከላላ ሴት መልእክቷን ይዛልን መጣች። በፌስታል የተጠቀለለ ለውዝ ነበር፤ እኛ ቆልተን የምንቆረጥመው ሳይሆን ዐረቦቹ ለውዝ የሚሉት፣ ጠፍጠፍ ብሎ ጫፉ ሾል ያለው ፍሬ። አብሮት በእንግሊዝኛ የታተመ ባለ ቀለም ወረቀት ነበር። እኔ ያኔ መካነ ሰላም ከተማ ባዮሎጂ አስተምር ነበርና እናቴ ወረቀቱን አገላብጣ አይታ ሰጠችኝ።

«የሷ ጽሑፍ አለበት?»

«የለበትም እማዬ። በየቀኑ ለውዝ መብላት ለልብ እንደሚበጅ በጥናት ተረጋግጧል ነው የሚለው።»

«ያ ረቢ! እንደሚያመኝ አልረሳችማ!» አለችና አለቀሰች።

እናቴ ደም ብዛት ነበረባት፤ ጠዋት ጠዋት ኪኒን ትውጣለች። ከዚያ ቀን ወዲህ በቀን አምስት አምስት ፍሬ እየቆጠረች መብላት ጀመረች። ጎረቤት ሳትጠራ እህል የማትቀምሰው ሴት ያንን ለውዝ ለማንም አላቀመሰችም። ጉንጯ ውስጥ ረጅም ጊዜ ታቆየዋለች። በዚያ መሀል ስለ እህቴ ታወራኛለች፤ እንዴት እንደምትስቅ፣ የእናቴን ፀጉር ስትሠራ እጇ እንዴት ቀላል እንደነበር።

አንድ ወር ሳይሞላ፣ በገበያ ቀን እህል ተራ መሀል አዙሯት ወደቀች። ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናት። ነርሷ ግፊቷን ለካችና ደነገጠች።

«እማማ፣ ኪኒኑን መቼ ነው ያቆሙት?»

«ልጄ የላከችልኝ እያለ ኪኒን ምን ያደርግልኛል? በጥናት የተረጋገጠ ነው። ይኸው፣ ልጄ አንብቦልኛል።»

ነርሷ ዞራ አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ኪኒን አቁሙ የሚል ቃል የለውም። ከግርጌው ግን በደቃቅ ፊደል፣ የጥናቱን ወጪ የሸፈነው የለውዝ አምራቾችና ነጋዴዎች ማኅበር መሆኑ ተጽፏል። በዚህ ብቻ ጥናቱ ውሸት ነው ልል አልችልም። ግን ለተማሪዎቼ «ማን ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ የምል ሰው፣ ለእናቴ ሲሆን ሳልጠይቅ አነበብኩላት።

ዓርብ እህቴ ስትደውል ነገርኳት።

«የቤቱ እመቤት ጠዋት ጠዋት ለውዝ ትበላለች» አለች። «ሳቀርብላት ሁልጊዜ፣ ምነው እማዬ በበላችው እላለሁ። ልገድላት ነበር?»

«አብሽሪ እትዬ፤ ለውዙ አልጎዳትም። ሳልጨርስ ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

እናቴ ስትድን ስለ ማኅበሩ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ።

«ሻጭ እንዲሸጥለት ይናገራል» አለች። «እሷ ግን ምን ልትሸጥልኝ ነው?»

ኪኒኗን መዋጥ ጀመረች፤ ለውዙንም እስኪያልቅ በላችው።

እህቴ የመጣችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከስታ፣ ንግግሯ ውስጥ ዐረብኛ እየገባ፣ ለሁለት ወር። የሥራ ውሏን አድሳ ስለነበር እዚህ አልቀረችም። እናቴና እኔ መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። ሚኒባሱ አቧራውን አስነስቶ ከተሰወረ በኋላ ብዙ ቆምን፤ ከሁለታችን እንሂድ ያለ አልነበረም።