እትዬ ዘይነባ ያቆሙበት ገጽ

እትዬ ዘይነባ ይመር አርፈዋል። በዚህች በጅዳ ከተማ ስልኩ ላይ የአማርኛ መጽሐፍ ከፍቶ ያነበበ ሁሉ፣ ባያውቃቸውም እንኳ፣ የእሳቸው ውለታ አለበትና መርዶውን ለሁላችሁም እጽፋለሁ። ያረፉት መካ ነው። የሚሠሩበት ቤት ሰዎች ለጥቂት ቀናት ወደዚያ ሲሄዱ ይዘዋቸው ሄደው ነበር። ረቡዕ ጠዋት ደረቴን ወጋኝ አሉ፤ ሆስፒታል ደረሱ፤ ቀትር ሳይሆን ሁሉም ነገር አበቃ። አብራቸው የምትሠራው ሐሊማ በድምፅ መልእክት ነው ያረዳችኝ። «ወርቁ፣ እትዬ የሉም» አለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልቅሶ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ከዐስር ሶላት ቀጥሎ በታላቁ መስጊድ በሐረም ውስጥ ተሰግዶባቸው እዚያው መካ እንደሚቀበሩ ሰማሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ መካ አልገባም። ይህን እያወቅሁ ሱቄን ዘግቼ ታክሲ ያዝሁ። ምን አደርጋለሁ ብዬ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ወደ ሌላ መንገድ የሚታጠፍበት ምልክት ጋ ስንደርስ ሾፌሩ በመስተዋት አየኝና ጠየቀኝ። አልገባም፣ እዚህ ጋ አቁምልኝ አልሁት። ወርጄ፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ መኪናው በሚያልፍበት አቧራ ውስጥ ጥቂት ቆምሁና ተመለስሁ። አስከሬናቸውን አልሸኘሁም፤ አፈር አላለበስኋቸውም። እናንተ አላህ ይርሐማቸው በሉ፤ እኔም በለመድሁት ነፍስ ይማር እላለሁ።

እትዬ ዘይነባ ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የሸኽ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እዚህ ጅዳ፣ ሰፋ ሰፈር፣ በአንድ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። የዚያ ቤት ልጆች በእጃቸው አድገው፣ እነሱም ወልደው፣ የልጅ ልጆቹም «ዘይነብ» እያሉ ቀሚሳቸውን ይጎትቱ ነበር። የራሳቸውን አንዲት ልጅ፣ ፋጡማን፣ በአራት ዓመቷ ለአያቷ ትተዋት ነው የመጡት። ይህን ደጋግመው አይናገሩትም ነበር፤ ስሟን ሲጠሩ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

እኔ እዚሁ ጅዳ፣ ኑዝላ ሰፈር፣ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርቼ ስለነበር ያ አመል አልለቀቀኝም፤ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ስካን የተደረጉ የአማርኛ መጻሕፍት በስልክ የሚነበቡበት ትንሽ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አቋቋምን። ሶፍትዌሩን ሌሎች በነፃ ከለቀቁት ወሰድን። ፒዲኤፉ የሚከፈትበትን ማንበቢያ ግን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ኩራቴም ልክ አልነበረውም። ገጽ ሲገለጥ ወረቀቱ ይታጠፋል፣ ኮሽ የሚል ድምፅም ያሰማል። ለዚያች ኮሽታ ብቻ አንድ ወር ደክሜባታለሁ።

እትዬ ዘይነባ አንድ ዓርብ፣ በዕረፍት ቀናቸው፣ ሱቄ መጥተው ይህን የሠራው ማነው ብለው ጠየቁ። ምስጋና ሊመጣ ነው ብዬ ተሽቀዳድሜ እኔ ነኝ አልሁ።

«እጅህን አላህ ይባርከው፤ ኮሽታውም ደግ ነው» አሉኝ። «ግን ትናንት የት እንዳቆምኩ አያውቅም። ሁልጊዜ ከሽፋኑ ይጀምረኛል። ሰው እንኳ ጨዋታ ሲያቋርጥ የት ደርሰን ነበር ይላል።»

ምልክት ማድረጊያ አለኮ አልኋቸው፣ ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ። እስቲ አሳየኝ አሉ። ሦስት ቦታ ነክቼ ራሴም አጣሁት። አልሳቁብኝም፤ ወንበር ስበው ተቀመጡና እንዴት እንደሚያነቡ ነገሩኝ። የሚያነቡት ቆመው ነው፤ ልብስ ማጠቢያው እስኪጨርስ፣ ሩዙ እስኪበስል። የቤቱ እመቤት ማዳም ሲጠሯቸው ስልኩ ኪስ ይገባል። እንዲህ ያለ አንባቢ ያቆመበትን ገጽ መፈለግ ያለችውን አሥር ደቂቃ በሙሉ ይበላበታል። እኔ ቤተ መጻሕፍት ሠራሁ ስል ሰው ወንበር ስቦ ተዝናንቶ የሚያነብ መስሎኝ ነበር። ሲነሡ «አንባቢ የሚፈልገው ካቆመበት መቀጠል ነው፤ ሌላው ጌጥ ነው» አሉኝ። ይህችን አባባል ብዙዎቻችሁ ከአፋቸው ሰምታችኋታል።

ሠራሁላቸው። ብዙም ሳይቆይ ስልካቸው የወለል ውሃ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ሌላ ሲገዙ መጽሐፉ እንደገና ከሽፋኑ ጀመራቸው። ተመልሰው መጡ። ያን ጊዜ ያቆሙበት ገጽ ስልኩ ላይ ሳይሆን የቤተ መጻሕፍታችን ሰርቨር ላይ በስማቸው እንዲመዘገብ አደረግሁ፤ ስልኩ ቢጠፋ፣ ቢሰበር፣ ቢቀማም በሌላ ስልክ በስማቸው ሲገቡ እዚያው ገጽ ላይ ይከፈታል። «አሁን አንባቢ ምን እንደሆነ ገባህ» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ የወጣልኝ ምስጋና ይኸው ነው፣ ግን እንደ ሽልማት ሳምንቱን ሙሉ ይዤው ዞርሁ።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ በመጣ ቁጥር የሚጎድለውን ይዘው ይመጣሉ። የራሳቸው ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ ያሉትን እኅቶች ጠይቀው ነው። ፊደሉ ሲተልቅ ገጹ ከስልኩ ጠርዝ ያልፋልና መስመር ባለቀ ቁጥር በአውራ ጣት ወደ ግራ መጎተት ነበረበት። «አንድ ገጽ ሳነብ ሰዒ አደረግኩ እኮ» አሉኝ፤ ሐጃጆች መካ ላይ በሰፋና በመርዋ መካከል የሚመላለሱትን ማለታቸው ነው። ወዲያው ደግሞ አስተግፊሩላህ አሉ። ሌላ ጊዜ ስድስት ሴቶች አንድ መጽሐፍ አብረው ሲያነቡ አንዷ ከአገር ቤት ያመጣችው የወረቀት መጽሐፍ ነበራት። እኔ ሽፋኑንም መግቢያውንም ቆጥሬ የማንበቢያውን የገጽ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አዛብቼው ኖሮ ሴትዮዋ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ትገኛለች፤ ዝንጉ ነሽ ተባለች። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እትዬ ሲያውቁ ለሴትዮዋ ደውለው ይቅርታ የጠየቁት ራሳቸው ናቸው።

ሐሊማን ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው፤ ገጹን አተልቀው፣ በአንድ ስክሪን አንድ ቃል ብቻ እንዲታያት እያደረጉ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ተበላሽቶ ከሱቅ መውጣት ፈርቼ በተቀመጥሁ ጊዜ በየዓርቡ ምግብ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። ዐቢይ ጾም መግባቱን ከእኔ በፊት ያውቃሉ፤ ምስሩን ያለ ቅቤ ሠርተው፣ ማሰሮውም ሥጋ ያልነካው መሆኑን ሳልጠይቅ ይነግሩኝ ነበር።

አሁን ወደ ደብተሩ ልግባ። ለመጻፍ የከበደኝ ይህ ነው።

አባታቸው ሸኽ ይመር ትምህርታቸውን፣ ዱዓቸውንና መንዙማቸውን የጻፉበት አንድ ደብተር ነበራቸው፤ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ ግን ዐረብኛ ነው፤ ዐጀሚ ይሉታል። ወንድማቸው ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ ላከላቸውና ፒዲኤፍ አድርጌ በስማቸው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አስገባሁላቸው። ፋጡማ ይህን ፊደል አታነብም። እሷ ለትምህርት ሳትደርስ አያቷ ሸኹ አረፉ፤ እናቷ ደግሞ እዚህ ናቸው። ስለዚህ እትዬ ዘይነባ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ በእያንዳንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ ማስታወሻ መጻፊያ። እዚያ ላይ የአባታቸውን ቃል በእኛው ፊደል እየገለበጡ፣ ትርጉሙንም እያከሉ ለልጃቸው ሊጽፉላት ነበር። «ላስተምራት አጠገቧ አልነበርኩም» አሉኝ፤ «ገጹ ያስተምራት።»

መጻፊያውን ሠራሁላቸው። ሁለት ዓመት ያህል፣ ልብስ ማጠቢያው እስኪጨርስ፣ ሩዙ እስኪበስል ጻፉ። አንድ ዓርብ ሱቄ ተቀምጠው እየጻፉ ሳለ ቀና ብለው፣

«ወርቁ፣ ይኼ የምጽፈው የት ነው የሚቀመጠው?» አሉኝ።

የደንበኛ ስልክ ፈትቼ ብሎን እየፈለግሁ ነበር። ቀና ሳልል «እዚሁ ነው፤ አይጠፋም» አልኋቸው።

እዚሁ ያልሁት እጃቸው ላይ ያለውን ስልክ ነው። እሳቸው ግን ያቆሙበት ገጽ ሰርቨሩ ላይ እንደሚቀመጥ ስለሚያውቁ ማስታወሻውም እዚያው የሚሄድ መሰላቸው፤ ማንስ ቢሆን አይመስለውም? እኔ እውነቱን አውቃለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው። ሥራ በዛ፣ ነገ ዛሬ አልሁ። እሳቸው ደግሞ ስላመኑኝ ዳግመኛ አልጠየቁኝም፤ ስላልጠየቁኝም እኔ አልቸኮልሁም።

ባረፉ በስምንተኛው ቀን ሐሊማ ስልካቸውን በንጹሕ ፌስታል ጠቅልላ፣ ከነጭ የሶላት ሻርፓቸው ጋር አመጣችልኝ። ደሴ የሚሄድ ሰው ለፋጡማ እንዲያደርስላት ነው። እኔ ማስታወሻዎቹን ላወጣ ከፈትሁት። ስልኩ ገና ከካርቶን እንደወጣ ሁሉ ቋንቋ ይምረጡ አለኝ።

ያስጠፉት ማዳም ናቸው። እባካችሁ ማንም ክፉ እንዳያስብባቸው። እትዬ ዘይነባ በሠርግና በልጆች ልደት፣ ሴቶች ብቻ ባሉበት፣ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ የተነሡት ፎቶ ስልኩ ውስጥ ነበር። የሞተች ሴት ገመናዋ በሕያዋን እጅ ያለ አማና ነው። ስልኩ ደግሞ በጠጋኝ እጅ፣ በመንገደኛ እጅ፣ በስንት ወንድ እጅ ሊያልፍ ነው። ስለዚህ ማዳም እያለቀሱ፣ በገዛ ልጃቸው እጅ፣ አንድ ሳይቀር አስጠፉት። ሐሊማ እንዳለችኝ ሲጨርሱ ስልኩን ስመው ነው የሰጧት። እትዬ ራሳቸው ቢናዘዙ ይህንኑ ነበር የሚናዘዙት። የምቆጣው ሰው ፈልጌ ከራሴ በቀር አላገኘሁም።

የማውቀውን መሣሪያ ሁሉ ሞከርሁ፤ ከእኔ የሚበልጡ ጠጋኞች ዘንድም ወሰድሁት። ምንም የለም። እኔ ዘንድ የቀረውን የደብተሩን ፎቶ ካራንቲና ሰፈር ለሚኖሩ አንድ ዓሊም አሳየሁ። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱትና ፊደሉን እንደሚያነቡት፣ ሸኹ ግን ለራሳቸው ብቻ አሳጥረው ስለጻፉት ቃሉን እንደማይደርሱበት ነገሩኝ። «ይህን የሚያውቅ ከአፋቸው የሰማ ነው» አሉኝ። ከአፋቸው የሰሙት ደግሞ መካ ተቀብረዋል።

ማስታወሻ ሁሉ ሰርቨሩ ላይ እንዲቀመጥ አሁን አድርጌዋለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ስንት ቀን ፈጀብህ ብትሉኝ፣ ሁለት ቀን።

ፋጡማ ዓርብ ደወለች። ድምፅዋ የእናቷ ነው። «ጋሼ ወርቁ፣ እማ የጻፈችልኝን አገኙት?» አለችኝ። ልዋሻት አስቤ ነበር፤ ቴክኒክ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል ልላት። አልሆነልኝም። የማዳምን ነገር ነገርኋት፤ እዚሁ ነው፣ አይጠፋም ያልሁበትንም ቀን ነገርኋት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን፣

«እስከ የት ደርሳ ነበር?» አለችኝ።

ቤተ መጻሕፍታችን ሊመልሰው የሚችለው ጥያቄ ይህ ብቻ ነው። በእትዬ ዘይነባ ስም ገብቼ ደብተሩን ከፈትሁት። ሽፋኑን አላሳየኝም። ገጽ ሰማንያ ሦስት አልኋት። የሸኹ ጽሕፈት ሞልቶበታል፤ ጠርዙ ባዶ ነው። ፋጡማ እንደ እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ገጹን እንዳልገልጠው ለመነችኝ። አንድ ገጽ ብገልጥ የእኔን ማቆሚያ በእሳቸው ላይ ይመዘግበዋል፤ እንዲህ አድርጌ የሠራሁት እኔው ነኝ። በጥንቃቄ ዘጋሁት።

እትዬ ዘይነባ፣ የተቀበሩበት ከተማ አልገባም፤ የአባትዎን ፊደል አላነብም፤ የጻፉትን መመለስ አልቻልሁም። ይቅር ይበሉኝ እንዳልል ይቅር እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እሱም አልቀለለኝም። ዓርብ ዓርብ ወንበርዎን አውጥቼ አስቀምጣለሁ፤ ሐሊማ እየመጣች ትቀመጥበታለች፤ የፋጡማን ወሬ እንነጋገራለን። ደብተርዎ በስምዎ በተከፈተ ቁጥር ሰማንያ ሦስት ላይ ይከፈታል፤ ማንም አልነካውም። አንባቢ የሚፈልገው ካቆመበት መቀጠል ነው ብለውኝ ነበር። ያቆሙበትን ጠብቄልዎታለሁ፣ እትዬ፤ የሚቀጥለው ሰው ግን አጣሁ። ደህና ይሁኑ።