በሴሉ ውስጥ የተሰፋው ኪስ

ሥራዋ ለዓይን የማይታየውን ቀለም አጠጥታ ማሳየት ነው። ከሕመምተኛ ዕጢ የተወሰዱ ሴሎችን መስታወት ላይ ታነጥፋለች፤ አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም ታፈስባቸዋለች፤ ከዚያም በጨለማው ክፍል ማይክሮስኮፑ ላይ ታጎነብሳለች። የምትፈልገው ቀለሙ የሚጣበቅበትን፣ ወደ ካንሰር ሴል የገባውን መድኃኒት እየቀዳ ወደ ውጭ የሚደፋውን ፕሮቲን ነው። እሱም እንደ ዘበኛ ሴሉ ቆዳ ላይ ስለሚቆም፣ በዚያ ላቦራቶሪ ቆዳውን ብቻ ማየት ልማድ ነበር።

የታናሽ ወንድሟ ሴሎች ሲመጡም እንደ ልማዷ አየች። ቆዳው ጨለማ ነው፤ ዘበኛው የለም። ለወንድሟ ስልክ ደውላ፣ "በሩ ላይ ማንም የለም!" አለችው። የሚያክመው ሐኪምም ውጤቷን አይቶ በዚያው መድኃኒት ገፋበት። ዕጢው ግን አደገ።

ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ብትሄድ፣ የጀመረውን ኮት ገልብጦ ገበሩ ውስጥ የተደበቀ ኪስ አሳያት።

"የደንበኛዬ ሚስት ይህን ካገኘችው እኔ የለሁበትም!"

እሷ አልሳቀችም። ሮጣ ላቦራቶሪ ተመለሰች። ቀለሙ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ በተረፉት ሴሎች ላይ ቆዳ የሚበሳ ሳሙና ጨምራ ቀለሙን እንደገና አፈሰሰች። አቤት ያየችው! በየሴሉ ሆድ ውስጥ ጥቃቅን ከረጢቶች እንደ ከዋክብት ያበራሉ። ዘበኛው ጓዳ ገብቷል፤ መድኃኒቱን ከረጢት ውስጥ እየቆለፈበት ነው። ያ ሁሉ ማቅለሽለሽ፣ ያ ሁሉ የረገፈ ፀጉር፣ ኪስ ሊሞላ ኖሯል።

ሐኪሙ መድኃኒቱን ለመቀየር ወሰነ። ለወንድሟ መንገሩ ግን ለእሷ ቀረ፤ ወደ ሱቁ ተመለሰች።

"እታለም፣ ፊትሽ ካውያ የበላው ጨርቅ መስሏል። ተናገሪ እንጂ።"

"በሩን ብቻ ነበር ያየሁልህ። ውስጥ ነበር።"

"በምን አገኘሽው?"

"በሳሙና።"

"ሆድ ያባውን ሳሙና ያወጣዋል በይኛ!" ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት። ሳሉ ሲበርድለት በቀስታ ጠየቃት፤ "ብዙ ጊዜ ባከነብኝ?"

አልዋሸችውም። "ባከነብህ፣ ወንድምዓለም።"

"አዲሱስ ይደርስልኛል?"

"አላውቅም።"

ኮቱን ወደ ጭኑ ስቦ የተጣመመውን የእጅጌ ስፌት በመቀሱ ጫፍ መፍታት ጀመረ።

"ጠማማ ስፌት ይፈታል፤ እንደገና ይሰፋል" አለ ቀና ሳይል። "ነይ፣ ክሩን ልቀሚልኝ።"

አጠገቡ ተቀመጠች። የተበጣጠሰውን ክር አንድ በአንድ ትለቅምለት ጀመር።