ሰማዩን አውጪው

የወሰዱኝ መጀመሪያ የበርበሬ ዋጋ ጠይቀውኝ ነው። ሁለት ሰዎች መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ያለችው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። አንደኛው ከጆንያው አንድ ዛላ አንስቶ አሸተተና «ኪሎው ስንት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «አይወደድም?» አለ። «ቀለሙን አይተህ ተከራከረኝ» አልኩት። ዛላውን ቀስ አድርጎ ቦታው መለሰና «አባት፣ ለትንሽ ደቂቃ ጣቢያ ይፈለጋሉ» አለኝ። ሚዛኑን እንኳ ወደ ውስጥ አላስገባሁም። ለትንሽ ደቂቃ ተብሎ ሚዛን የሚያስገባ ነጋዴ የለም።

ከእስር ክፍሉ መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። በሩ ሥር ሸራ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ፣ ተረከዙ የተረገጠ የቆዳ ጫማ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተከምሯል። ከክምሩ ወዲያ እግር ለእግር ተጠጋግተው የተቀመጡ ሰዎች አሉ። ክፍሉ እርጥብ ብርድ ልብስና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። መስኮት የሚባለው ነገር ጣሪያው ሥር ያለ ቀዳዳ ነው፤ ከዚያ የሚታየው ደግሞ የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ። ዕድሜ ልኬን በርበሬ ሲቦንን ስስል ስለኖርኩ መጀመሪያ የገረመኝ አለማስነጠሴ ነው።

የክፍሉ አለቃ፣ እስረኞቹ ካቦ የሚሉት፣ ትከሻው ሰፊ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከግድግዳው ጥግ አንዱን አስነስቶ ቦታ ሰጠኝ።

«በምን መጡ ጋሼ?»

«በግጥም።»

«በምን?»

«ግጥም አነበብኩ።»

ከወዲያ ጥግ አንድ ተማሪ «ቤት አልመታ ብሎ ነው?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኖርንበት ሰፈር ሊነሳ ቀን ተቆርጦለት፣ ዕድራችን ከመበተናችን በፊት አንድ ቀን አብረን ምሳ እንብላ አለ። ዶሮ ታረደ፣ የእኛ የሙስሊሞቹም የክርስቲያኖቹም ምግብ ለየብቻ ተሠራ፣ ሼኩም ቄሱም መረቁ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው «አንተ ሰውዬ፣ በል እንጂ» አሉኝና ተነሣሁ።

ቤትማ ሲፈርስ አቧራው ይታያል፣
ጉርብትና ሲፈርስ ማን አቧራ ያያል።

ሰው አለቀሰ። አንዱ ደግሞ በስልኩ ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ግጥሟ ከእኔ ቀድማ መርካቶን ዞረች። እውነቱን ለመናገር፣ መርማሪውን የመሰለ አድማጭ ገጥሞኝ አያውቅም፤ በእያንዳንዷ ቃል ምን ለማለት እንደፈለግኩ ደጋግሞ ይጠይቀኝ ነበር።

እኔ መጽሐፍ ያሳተምኩ ሰው አይደለሁም። ለሠርግ እገጥማለሁ፣ ለተመራቂ እገጥማለሁ፣ ከወሎ የመጡ ዘመዶቼ ልጅ ሲድሩ ይጠሩኛል። በዕድሩ ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረኝ፤ መርዶ ነጋሪ ነበርኩ። «ግጥም የሚችል ሰው ቃል አይቸግረውም» ብለው ነው የጫኑብኝ። ሰው ሲሞትበት ገና በማለዳ፣ ሰውዬው ከቤት ሳይወጣ፣ ሽማግሌ አስከትዬ በሩን የማንኳኳው እኔ ነበርኩ። ደንቡን ስለማውቅ ሰው ይተማመንብኝ ነበር።

ግጥሞቼን ቀድማ የምትሰማው ሚስቴ ነበረች። ከሱቁ በስተኋላ ዱካዋ ላይ ቁጭ ብላ ዛላ ትቀነጥሳለች፤ እኔ ቆሜ እልላታለሁ። ፊደል አልቆጠረችም፤ ጆሮዋ ግን ሚዛን ነው። «ይሄ መስመር ያነክሳል» ትለኛለች። ወይ ደግሞ «ይሄን ቃል ከየት አመጣኸው? ከሬዲዮ ነው?» በትዳር ዘመናችን አንድ ቀን እንኳ «ጥሩ ነው» ብላኝ አታውቅም። መስመሩ ካለፈላት ዝም ብላ መቀንጠሷን ትቀጥላለች። ያቺ ዝምታ ሽልማቴ ነበረች።

ስታሰር ኩላሊቷ ታምሞ፣ እግሯ አብጦ፣ ከአልጋ መውረድ አቅቷት ነበር። ፍርዱ አላስፈራኝም። የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ እዚያ ተቀምጬ እሷ እንዳትሄድብኝ።

ወረቀት ማስገባትም ማስወጣትም ክልክል ነው። ስለዚህ በልጄ አፍ መነጋገር ጀመርን። በጥየቃ ቀን ልጄ ስንቁን ይዛ ከሽቦው ማዶ ትቆማለች። እኔ አንድ መስመር እነግራታለሁ፤ እሷ ለእናቷ ታደርሳለች፤ በሚቀጥለው ጥየቃ መልሱን ይዛልኝ ትመጣለች። የመጀመሪያው ቀን፣ እንግዲህ ታሳሪ ገጣሚ ነኝና፣ «በር ተዘጋብኝ እንጂ ሰማይ አልተዘጋ» ብዬ ላክሁ።

መልሱ መጣ። ልጄ ሳቋን ልትውጥ እየሞከረች «እማዬ ምን አለች መሰለህ? ‹ሰማይ ይታየዋል ወይ? ካልታየው ሰማዩን ያውጣው። የሚያየውን ይናገር።›» አለችኝ።

ክፍሉ ገብቼ ያለችውን ስነግራቸው ካቦው ጭኑን እየመታ ሳቀ። ቀና ብሎ ያቺን ቀዳዳ አየና «እውነታቸውን ነው፣ የታለ ሰማዩ?» አለ። በሚቀጥለው ጥየቃ የማየውን ላክሁ።

ጫማችን በር ላይ ተከምሮ ያድራል፣

እሷ ደግሞ ከአልጋዋ ሆና ገጠመችው።

መውጫውን እያየ ቀኑን ይቆጥራል።

ያን ዕለት ክፍሉ ውስጥ የሳቀ ሰው የለም። ሁሉም ወደ በሩ ዞሮ ጫማውን አየ። ከዚያ ወዲያ ከጥየቃ በተመለስኩ ቁጥር ተማሪው ብድግ ብሎ «ጋሼ፣ እትዬ ዛሬ ምን አሉ?» ይለኝ ጀመር። አንዳንድ ቀን መስመር፣ አብዛኛውን ቀን ስድብ ነበር የምትልክልኝ። ስድቧን ስሰማ ደህና እንደሆነች አውቅና እህል ይዋጥልኛል።

አንድ ቀን እንዲህ ብዬ ላክሁላት፤ «የምትቀነጥሺው ዛላ አለቀ ወይ?»

በሚቀጥለው ጥየቃ ልጄ ፈገግ ብላ መጣች። ፈገግታዋ ለፊቷ በዝቷል። ምሳ ዕቃውን ለፈታሹ ሰጥታ ወደ ሽቦው ተጠጋች።

«እናትሽ ምን አለች?»

«ግሩም ነው ብላሃለች።»

ሽቦውን ያዝኩት።

«ግሩም ነው?»

«አዎ። በጣም ነው የወደደችው። መልሱን ደግሞ እንዲህ በይው አለችኝ፣ ‹ናፍቆትህ በዛብኝ እንደ ኮከብ ሰማይ።›»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም። እንዲያውም ትንሽ ተሽሏታል።»

መርዶ ሲሸፋፈን በሽተኛው ሁልጊዜ ተሽሎት ነው። እኔ ራሴ በዚህ አፌ ስንት ሟች አሻሽያለሁ!

ልጄን አየኋት። ልጠይቃት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ብጠይቃት እዚያው ቆማ፣ ብቻዋን፣ ሰው በሚጯጯህበት ሽቦ ላይ ለአባቷ መርዶ ልትነግር ነው። ልጅ ለአባቷ መርዶ አትነግርም። ሽማግሌ የሚላከው ለዚህ ነው።

«አመሰግናለሁ በያት» አልኳት።

ስመለስ ዞር ብዬ አየሁ። እሱም ለጥየቃ ወጥቶ የነበረውን ካቦ በእጇ ምልክት ጠርታ እያነጋገረችው ነበር። እሱ መሬት መሬት ያያል።

በዚያ ምሽት ካርታ የተጫወተ የለም። ተማሪው «እትዬ ምን አሉ?» አላለኝም። እራት ላይ አንዱ ካጎረሰኝ ሌላው ይከተላል፤ እኔም እምቢ አላልኩም። ሐዘንተኛ ሳይሰማ በልቶ ይተኛ ነው ደንቡ። የሰጡኝን ሁሉ ዋጥሁት። ያም ሆኖ ልቤ «ምናልባት» ይላል። ሞኝ ነው ልብ። ምናልባት ልጅቷ ራሷ አሳምራ ጨምራበት ይሆናል፣ ምናልባት በሽታው አለስልሷት ይሆናል፣ ምናልባት ሲደክማት ሰማይ ወዳ ይሆናል እላለሁ።

ማለዳ ሱብሂን ሰግጄ ስጨርስ ክፍሉ በሙሉ ነቅቶ ተቀምጧል። ካቦው ፊቱን ታጥቦ፣ ከማን እንደተዋሰው የማላውቀው የጠበበው ኮት ለብሶ ፊቴ መጥቶ ተቀመጠ። ተማሪውና አንድ ሌላ ሰው ከግራና ከቀኙ ተቀመጡ። ኮቱን ሳይ «ምናልባት» የሚለው ነገር አለቀ።

«ጋሼ...» አለ ካቦው። «እንግዲህ ጋሼ፣ የሰው ልጅ...»

ተማሪው በዚህ ጊዜ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። በእኔ ደንብ ይሄ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ሐዘንተኛው ሳይሰማ ነጋሪው አያለቅስም። በዕድሩ ቢሆን አስነስቼ ከደጅ አቆመው ነበር። ካቦው ደነገጠ። ያ አገር ምድሩን በከባድ መኪና ያቋረጠ ሰው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሞ ቀረ።

«ቀጥል» አልኩት። «‹ሁላችንም መንገደኞች ነን› በል።»

«ሁላችንም መንገደኞች ነን» አለ ዓይን ዓይኔን እያየ።

«‹አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይከተላል።›»

«አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይከተላል።» ትንፋሹን ሳበ። «እትዬ ቀደሙ፣ ጋሼ። ነፍስ ይማ... አላህ ይርሐማቸው።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩ። ከዚያ አለቀስኩ። አውቄ ነበር፤ ነገር ግን ማወቅ ሌላ ነው፣ መስማት ሌላ። ልጄ ያን ፈገግታ ይዛልኝ ስትመጣ እናቷ አፈር ከለበሰች አድራለች። አስከሬኗን አልሸኘሁም፣ አፈር አላለበስኳትም። ይሄ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ያን ቀን እስር ቤት ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥን። ብርድ ልብሶቹን ዙሪያውን አነጠፉ። ካቦው ተነስቶ ያንን የጫማ ክምር ፈታና ጥንድ ጥንድ እያደረገ በግድግዳው ሥር ደረደረው፤ ለቅሶ ቤት በር ላይ እንደሚደረገው። ማንም አላዘዘውም። ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ አየና «ምን ስብሰባ ነው?» ብሎ ተቆጣ።

«ለቅሶ ነው» አለው ካቦው። «የጋሼ ባለቤት አርፈዋል።»

ጠባቂው «ድምፅ እንዳይበዛ» አለ። ሄደ ስንል ግን ከበሩ ማዶ፣ ቀስ ብሎ፣ «አላህ ያጽናዎት፣ አባባ» አለኝ።

በተከታዩ ጥየቃ ልጄ ጥቁር ሻሽ አስራ መጣች። ፈገግታው የለም። ዓይኗ አብጧል።

«ነገሩህ?»

«ነገሩኝ። በወጉ ነው የነገሩኝ፤ እኔ ራሴ እንዲያ አልችልበትም።»

«አባዬ፣ እንደዚያ የዋሸሁህ...»

«ውሸቱን ተይው። ውሸት የመርዶ ወግ ነው።» ሽቦው ላይ ጣቷን ነካኋት። «መስመሩ ግን ያነክሳል።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡባት።

«ሰማዩን አውጪው» አልኳት። «እናትሽ ሰማይ አትወድም።»

ከዚያ በኋላ ስንቅ እንጂ መስመር አላመጣችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ሲለቁኝም ያው «ይሂዱ» ነው ያሉኝ እንጂ ለምን እንደያዙኝም ለምን እንደለቀቁኝም የነገረኝ ሰው የለም። ስወጣ ካቦው ጫማዬን ራሱ አንስቶ ሰጠኝ።

ዛሬ ሰፈራችን የለም። የምንኖረው ከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ነው። ዕድሩ ተበትኗል፤ ሰው ሲሞት አንዳንዴ የምንሰማው ከተቀበረ በኋላ ነው። ያቺ የበርበሬ በረንዳ ሱቅ ግን አለች። ጠዋት ጠዋት ሲኒማ ራስ ጋ ከታክሲ ወርጄ በእግሬ እገባለሁ። ልጄ ሥራዋን ትታ ከእኔ ጋር ሆናለች፤ በፍቅር ይሁን በሐዘኔታ አልጠየቅኋትም። ዛላ ስትቀነጥስ ጆንያ ዘርግታ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ዱካው ላይ ማንም አይቀመጥም።

በቀደም ከሰዓት የመጨረሻውን ዛላ ጨረሰች። ተነሥታ ጆንያውን በሩ ላይ አራገፈችው፤ በርበሬው ቦነነና ሁለታችንም ሳልን። ከዚያ አጣጥፋ ዱካው ላይ አኖረችው። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሰው፣ እንዲህ አለች፤

የምትቀነጥሺው ዛላ አለቀ ወይ?
ጆንያው ተራግፎ ታጥፏል ዱካዋ ላይ።

እናቷ ብትኖር አንድ እንከን አታጣለትም ነበር ብዬ መስመሩን በሆዴ ደጋግሜ አገላበጥኩት። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ።

«ያነክሳል እንዴ፣ አባዬ?»

ዝም አልኳት።