ዝናብ እስኪመጣ የተዋስኩት ባሌስትራ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት "ቁራሌው!" የሚለው ድምፅ ወልድያ ካለው ቤቴ በር ላይ ቆመ። ወጣሁና የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ ነጠላ ጫማና የዛገ ቆርቆሮ ሰጠሁት። ሰውዬው ግን ዓይኑ ከትከሻዬ በላይ አልፎ በሩ ኋላ የቆመው ብረት ላይ አረፈ።

"እማማ፣ ያ ወፍራሙ ብረትስ? እሱን ቢሰጡኝ ደህና እከፍልዎ ነበር።"

ክንድ የሚያህል፣ በትንሹ የጎበጠ፣ መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ያለው ብረት ነው። ሲመሽ በሬን የማስደግፈው በእሱ ነው። "ምንድን ነው ግን?" አለኝ። ባሌስትራ ነው አልኩት። "የምን መኪና?" ሲለኝ ግን ወዲያው አልመለስኩለትም። ወደ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ መመለስ ነበረብኛ!

አባቴ መካኒክ ነበር። በንጉሡ ጊዜ የአንድ ነጋዴ ሾፌር ሆኖ ሠርቷል፤ ነጋዴው ከአስመራ ያስመጣት አንዲት አሜሪካ ሠራሽ መኪና ነበረችው። ባለ ሁለት በር፣ ረጅም አፍንጫ፣ ቀይ። ሞተሯ ሲነሳ የጎረቤት ዕቃ መደርደሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር። አብዮቱ የመጣ ጊዜ ነጋዴው ከአገር ሲወጣ ቁልፉን ለአባቴ ሰጠውና "ከእነሱ እጅ ባንተ እጅ ብትሆን ይሻለኛል" ብሎት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት የእሷ ነበር። አባቴ ከሥሯ ተኝቶ ይፈታል፣ እኔ አጠገቡ ተኝቼ እገጥማለሁ። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ነው ይሉ ነበር ሰዎች። ውሸት ነው፤ ብረት ስለምወድ ነው።

በክፉው የድርቅ ዘመን አባቴ ያቺን የጌታ መኪና ከመርሳ ማሽላ ጭኖባት ደጋ ላሉ ዘመዶቻችን ያደርስ ነበር። ለሁለት ሰው ሽርሽር የተሠራች መኪና ስንት ኩንታል ትችላለች? አንድ ቀን የወልድያን ዳገት ስትወጣ የኋላ ባሌስትራዎቿ ግራና ቀኝ ተሰበሩ። ባሌስትራ ማለት እንደ ቀስት የጎበጡ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረቡ ብረቶች ናቸው፤ የመኪናውን ሸክም ከጎማው በላይ ተሸክመው የሚይዙት እነሱ ናቸው። አባቴ ከሥሯ ወጥቶ አቧራውን እያራገፈ "ለእህል ሲሉ መሰበር አያሳፍርም" አለ። እጠግናታለሁ እንዳለ ጦርነቱ በረታና የጦር መኪና እንዲነዳ ወደ ሰሜን ወሰዱት። የተመለሰልን አንድ ወረቀት ነው። መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ በድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች፤ ሞተሯን ግን በየቅዳሜው እያስነሣሁ አቆየሁት።

ከዚያ በኋላ በጥር ወር የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ ወደ ግቢያችን መጡ። ከኪሳቸው እስክሪብቶ የማይለይ፣ ሲናገሩ ጣታቸውን የሚቀስሩ ሰው ነበሩ። ግንባሩ ቀርቧል፣ የማይንቀሳቀስ መኪና ሁሉ ተጎትቶ የድልድዩ መንገድ መዝጊያ ይሆናል አሉን። ቀኑ የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ነው።

"ብትንቀሳቀስስ?" አልኳቸው።

"ብትንቀሳቀስማ መኪና ናት፣ ማን ይነካታል? ማን ያንቀሳቅሳታል ነው እንጂ ጥያቄው!" ብለው ሳቁ።

ያ ሳቅ ነው የበላኝ። እናቴ "ብረት አይደለች ወይ ልጄ፣ ይውሰዷት። አባትሽን ከሰጠን ወዲያ ምን ቀረን?" ብላ ለመነችኝ። እኔ ደግሞ አባቴን ስለወሰዱ ነው እሷን የማልሰጣቸው አልኩ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለችና ተወችኝ።

በማግስቱ መርሳ ወረድኩ። አውቶቡሱ ሲሪንቃን አልፎ ቆላው ሲቀበለን የብርቱካኑ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ በየደጁ የማሽላ አገዳ ተከምሯል። ከከተማው መግቢያ በፊት የተቃጠለ የጦር ካሚዮን መንገድ ዳር ተጋድሞ ነበር። ጎማውን፣ ቆርቆሮውን፣ ባሌስትራውንም ሰው ወስዶታል። ባሌስትራው የት እንዳለ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በሀብሩ ወረዳ ሁሉ ጥሩ ብረት የሚገባው አንድ ቦታ ነው፤ አባ ይመር ወናፍ ፊት።

አባ ይመር ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻቸውን የማይገዛ ገበሬ አልነበረም፤ ቤታቸው ገብቶ የሚበላ ግን ብዙ አልነበረም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባል ነበርና። እኔ ገና ከመድረሴ ያቀረቡልኝን የማሽላ ቂጣ ጨረስኩት። ርቦኝ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። እሳቸው ግን እስከምጨርስ አዩኝ። ከዚያ ጉዳዬን ነገርኳቸው።

"አይ ልጄ" አሉ፣ ከግድግዳው ሥር የተደረደረውን የካሚዮን ብረት እያሳዩኝ። "ይኸ እኮ ባለቤት አለው። በልጉ ሲጥል ማረሻ ሁኖ መሬት የሚገባ ነው። እናንተ ወልድያዎች ብረት ለመንሸራሸሪያ ትሻላችሁ፤ ገበሬው ለጉርሱ ነው።"

"በልጉ እስኪጥል ያውሱኛ! መሬቱ ሲርስ መልሼ አመጣልዎታለሁ። ካልመለስኩ የአስፋው ልጅ አይደለሁም።"

ወደኔ ዞሩና "ያ ማሽላ ሲያመላልስ የነበረው አስፋው?" አሉ። አዎ አልኳቸው። ተነሥተው ወናፉን አስነሱ።

ሦስት ቀን ሠራን። የካሚዮኑን ብረት በእሳት እያጋሉ ወርዱን ቀነሱት፣ እንደ አሮጌው አድርገው አጎበጡት፣ ጫፉን ቀለበት አስያዙት። እኔ መሐሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ በሞረድ ስሞርድ እጄ ውኃ ቋጠረ። ብረቱን በአውቶቡስ ጣሪያ ወልድያ አድርሼ ረቡዕ ዕለት ገጠምኩት። ክሪኩን በዝግታ ሳወርደው የመኪናዋ ክብደት ገና ግማሹ እንዳረፈ ጧ! አለ። የግራው ዋና ብረት እንደ ሸክላ ለሁለት ተሰበረ።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ስብራቱን ሳየው ግን ገባኝ። አባ ይመር ዕድሜ ልካቸውን እንደለመዱት ያጋሉትን ብረት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክረውት ነበር። ማረሻ እንዲያ ነው የሚጠነክረው። ባሌስትራ ግን መጠንከር ብቻ አይበቃውም፣ ጎንበስ ብሎ መነሣትም አለበት። አባቴ "ባሌስትራ በዘይት ነው የሚበርድ፣ ቀጥሎ ለስለስ ያለ እሳት ይሻል" ሲል ሰምቻለሁ።

ለሽማግሌ ሙያቸውን ማስተማር ደስ አይልም። ሐሙስ ሁሉንም ተሸክሜ ተመለስኩና ስብራቱን እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ። ፊታቸው ጠቆረ።

"ሠላሳ ዓመት ስቀጠቅጥ ማረሻየ ተሰበረ ያለኝ የለ!"

"ማረሻ ቢሆን አይሰበርም ነበር አባ ይመር። ጥፋቱ ከኔ ነው፣ ባሌስትራ በዘይት እንደሚበርድ መንገር ነበረብኝ።"

ብረቱን አንሥተው ስብራቱን በጣታቸው ዳሰሱና "ዘይቱን ከየት ልታመጭ ነው?" አሉ። ከሲሪንቃ መንገድ ዳር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለምኜ በጀሪካን ይዤ ነበር። አርብ ከጁምዓ ሲመለሱ ሥራውን ያዙ። በዘይት አበረዱት፣ ከዚያ ፍም ላይ እያገላበጡ ቀለሙን ጠበቅን። ብረቱ ቢጫ ሆነ፣ ቡና መሰለ፣ መጨረሻ ላይ የእርግብ አንገት ሲመስል "በቃ!" ብዬ ጮህኩ። በሁለት ድንጋይ መሐል አጋድመው በላዩ ቆሙበት። ጎንበስ አለና መልሶ አነሣቸው። "ሱብሃነላህ!" ብለው እንደ ልጅ ደግመው ዘለሉበት። ቅዳሜ ንጋት ላይ "አብሽሪ፣ ዛሬስ ራሴ አየዋለሁ" ብለው አብረውኝ ወልድያ መጡ።

አንድ ነገር አባቴ አጥብቆ አስተምሮኛል፤ የባሌስትራ ብሎን ተጠብቆ የሚያልቀው መኪናዋ በአየር ላይ እያለች ሳይሆን በገዛ ክብደቷ መሬት ከቆመች በኋላ ነው። አወረድኳት። ምንም አልተሰማም። ከሥሯ ገብቼ የመጨረሻውን የብሎን ዳዶ ሳጠብቅ የጓድ ደምሴን ጫማ አየሁ። ገመድና አራት ሚሊሻ ይዘው መጥተዋል።

የካሚዮን ብረት ነውና መኪናዋ ኋላዋ ተሰቅሎ፣ አፍንጫዋ ወደ መሬት አቀርቅሮ፣ ሊዋጋ ያቀረቀረ ወይፈን መስላለች። ጓድ ደምሴ ሳቁ። "ቂጧን ሰቅላ ልትሄድ ነው?" አራቱን ሚሊሻዎች ከነመሣሪያቸው አሳፈሩ፣ ኋላዋ ላይ ሁለት ጆንያ አሸዋ አስጫኑ። ቁልፉን አዞርኩት። የጎረቤት መስኮት ሁሉ ተከፈተ። ዳገቱን፣ ያንን ባሌስትራዎቿ የተሰበሩበትን ዳገት፣ አንድም ሳትንቋቋ ወጣች። ሚሊሻዎቹ ጓድ ደምሴን ረስተው እልል አሉ።

ስመለስ ግን እስክሪብቶው ወጥቷል።

"እንግዲህ እንዲህ የምትጭን ከሆነች ለግንባር ትመዘገባለች። ሰኞ ጠዋት እንወስዳታለን።"

"ብትንቀሳቀስ ማን ይነካታል ብለው ነበር እኮ።"

"አብዮቱ ይነካታል" አሉና ሄዱ።

ያን ዕለት ያቃጠለኝ በውሸታቸው ሳይሆን በገዛ ሥራዬ መቀጣቴ ነበር። አሳምሬ ባልሠራት ለድልድይ፣ አሳምሬ ብሠራት ለግንባር። አባ ይመር ሰማዩን ያያሉ። ከደቡብ በኩል ጠቁሯል። "በልጉ መጣ" አሉ ቀስ ብለው። "አንቺ ግን አትጨነቂ። ብድሩን እስከ ክረምት ላቆየው እችላለሁ።"

"የለም አባ ይመር። መሬቱ ሲርስ ብያለሁ።"

እሑድ ማለዳ አሳፈርኳቸውና ተነሣን። ኬላው ላይ ወታደሩ ሲያስቆመን "ለግንባር የተመዘገበች ናት፣ ለሙከራ ነው" አልኩት፤ ውሸት አልነበረም። ከኬላው ወዲያ ነዳጁን ረገጥኩት። እንዲያ ያለ መንገድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ዝናቡ ያረጠበው አስፋልት፣ የሲሪንቃ ዛፎች፣ አባ ይመር በአንድ እጃቸው ቆባቸውን በሌላው በሩን ይዘው "ያ ረቢ! ቀስ በይ!" እያሉ ሲስቁ። በሕይወቴ ረጅም መንገድ የነዳኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በቅቶኛል።

መርሳ ደርሰን ወናፉ አጠገብ አቆምኳትና በገዛ እጄ ያጠበቅኋቸውን ብሎኖች በገዛ እጄ ፈታሁ፤ አባ ይመር ሌሊቱን ሙሉ ብረቱን ማረሻ ሲያደርጉ አደሩ። በማግስቱ ጓድ ደምሴ ኬላውን ጠይቀው ሲደርሱብን መኪናዋ በሆዷ ተኝታ፣ የማሽላ አገዳ ተከምሮባት ነበር።

"ባሌስትራው የታል?"

"እርሻ ላይ ነው ጓድ ሊቀመንበር።"

"የማን እርሻ?"

አባ ይመር መለሱ። "የሀብሩ ነዋ። ጠዋት ሃያ ገበሬ ማረሻውን ይዞ ሄዷል። ፈልገው ይልቀሙት።"

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አልወጡም። መኪናዋንም ከዚያ ድረስ የሚጎትት አልነበራቸውም። እኔን ግን ወሰዱኝ። አሥራ አንድ ቀን ቀበሌ ታሠርኩ፣ ራሴን ላጩኝ፣ ይቅርታ በይ ተባልኩ። አላልኩም። ስፈታ አባ ይመር በር ላይ ቆመው ጠበቁኝና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። ከባሌስትራው ሁሉ አጭሩ ብረት ነበር። "ይኸ ለማረሻ አይበቃም" አሉ። ይበቃ ነበር፤ ሁለታችንም እናውቃለን።

መኪናዋ መርሳ ቀረች፤ ዶሮ ዕንቁላል እየጣለችባት ዛገች። አባ ይመርም የሉም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጦርነት እንደገና ወልድያ ሲገባ በሬን ከኋላ የደገፍኩት በዚያው ብረት ነው። በሩ ሲመታ ብረቱ ጎንበስ አለ፣ መልሶም ተነሣ። በሩ አልተከፈተም።

ሰውዬው መልሴን እየጠበቀ ነው። "እማማ፣ የቆመ ብረት እኮ ምን ያደርግልዎታል?"

"አልቆመም" አልኩት፣ በሩን እየዘጋሁ። "ሥራ ላይ ነው።"