ፊቱን ወደ በር ያዞረ ጫማ

«ጉም ሆይ ተገፈፊ፣ ጀልባው ይታየኝ፣
የባሕሩ ንፋስ…»

ከዚህ በኋላ ያለው ጠፍቶባታል። ቶሞኤ ዘፈኑን የሰማችው ከእናቷ ነው፤ በኩሺሮ ወደብ ዓሣ ስታጸዳ ታንጎራጉረው ነበር። እናቷ ካረፈች ሃያ ዓመት ሆናት፤ የስንኙም ማሰሪያ አብሯት ሄደ። ቶሞኤ የጎደለውን በ«እምም» እየሞላች ድንች ትልጣለች። የሳልሞኑ ሾርባ ይንተከተካል። ከድስቱ ራቅ ብሎ አንድ ትልቅ ፖስታ ተቀምጧል፤ ዓይኗ ሳትፈልግ ወደ እሱ ይሄዳል።

ቤቱ ድሮ ዓሣ መሸጫ ነበር። አሁን ማክሰኞና ዓርብ የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት በኋላ የሚያጠኑበት፣ የሚሳሳቁበት፣ ትኩስ ነገር የሚቀምሱበት ነው። ኪራዩን ይችሉላት የነበሩት አዛውንት አምና አረፉ። እስከ መጋቢት ድጋፍ ካልተገኘ በሩ ይዘጋል።

ድጋፍ ሰጪ ድርጅት አልጠፋም። ባለፈው ጊዜም ቅጽ ሞልታ ነበር። «ያስገኛችሁት ውጤት» ሲላት፣ ሰው ስጦታ ይዞ መጥቶ «እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» ብሎ ጎንበስ በሚልበት አገር ያደገች ናትና፣ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ይህ ነው የሚባል ነገር የለንም። ጎረቤት ባይኖር አንድ ቀንም አንውልም ነበር።» መልሱ አጭር ነበር፤ ውጤት አልታየም። ከመልሱ ጋር ግን ላልተሳካላቸው የተዘጋጀ የሁለት ቀን ሥልጠና ጥሪ መጣላት።

ሳፖሮ ድረስ በባቡር ሄደች። አሠልጣኙ ልጇ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ቅጿን አንብቦ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ያነበበ ሰው ቤቱን ዛሬውኑ ዝጉት ነው የሚለው።»

«ታዲያ ራሴን ላሞግስ?»

«ትሕትናውን ለእንግዳ ያቆዩት፤ ቅጽ እንግዳ አይደለም። ደግሞ ቁጥር ብቻ ልብ አይነካም። የአንዲት ልጅ ታሪክ ይጻፉ፤ ስሟን ይለውጡት። ካሸነፉ በመጽሔታችን ወጥቶ ለየትምህርት ቤቱ ይዳረሳል።»

የትኛዋ ልጅ እንደሆነች ቶሞኤ ወዲያው አወቀች። ናጊሳ ናት። ባለፈው የበረዶ ወራት አንድ ዓርብ፣ እናቷ ሰክራ ስትጮህባት፣ እጇ የገባውን አጥልቃ ሮጣ መጣች፤ በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ብቻ የሚደረገውን፣ ሊታጠብ ወደ ቤት የመጣውን ስስ ነጭ ጫማ። «ለማንም አይንገሩብኝ» አለች። «አልናገርም» አለቻት ቶሞኤ። የቀረበላትን የሾርባ ሳህን የነካችው ከዚህ ቃል በኋላ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ጫማዋን ከሌሎቹ ጋር በመደርደሪያው ላይ አኑራ አታውቅም። በመግቢያው ጥግ፣ አፍንጫውን ወደ በር አዙራ ታስቀምጠዋለች፤ ሁልጊዜ ለመሮጥ እንደተሰናዳች።

ቶሞኤ ጻፈችው። በረዶውን፣ ነጩን ጫማ፣ እናቲቱን። አምሮ ተጻፈ፤ ራሷንም አስለቀሳት። ስም ቢለወጥስ፣ በዚህች ሰፈር በነጭ ጫማ በረዶ የሰነጠቀች ልጅ ስንት አለች? እንዲህ እያሰበች በፊርማ ፈንታ ማኅተሟን አተመች፤ እንዲህ እያሰበች ፖስታውን አሸገች። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ፖስታ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

በሩ ተንሸራተተ። ናጊሳ ገባች።

«እትዬ፣ ያቺን ግማሽ ዘፈን ዛሬም አልጨረሷትም?»

«ጠፍታብኛለች አልኩሽ እኮ።»

«እኔ ልጨርስልዎት፦ ‹የባሕሩ ንፋስ ሾርባ አቀዘቀዘብኝ!›»

«አንቺ ለፍላፊ! ሂጂ እጅሽን ታጠቢ። ደርሼ መጣሁ፤ ለልጆቹ ቅጂላቸው።»

ፖስታውን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ጫማዋን ልታደርግ ጎንበስ አለች። ጥጉ ባዶ ነው። ቀና ስትል፣ የናጊሳ ጫማ በመደርደሪያው ሁለተኛ ረድፍ፣ በሌሎቹ ልጆች ጫማ መካከል ተሸጉጦ ተቀምጧል። ማንም አኑሪው አላላትም። ቶሞኤ ብብቷ ሥር ያለውን ፖስታ ጠበቅ አድርጋ ወጣች።

ፖስታ ቤቱ ደርሳ፣ በመስኮቱ ፊት ፖስታውን ቀደደችው። ያን አምሮ የተጻፈ ገጽ አውጥታ ለአራት አጠፈችና ኪሷ ከተተችው። በምትኩ በቁሟ ጻፈች፦ «አሥራ አራት ልጆች ይመጣሉ። ዛሬ አንዲቱ ጫማዋን በመደርደሪያው ላይ አኖረች። ውጤታችን ይህ ነው።» አዲስ ፖስታ ገዝታ አሽጋ ሰጠች። አሠልጣኙ ቢያየው ራሱን እንደሚነቀንቅ ታውቃለች።

ስትመለስ ጉሙ ወደቡን ውጦታል። የማይታይ መርከብ ከሩቅ ያጓራል። የልጅቱን ምሥጢር ጠብቄ የልጅቱን ቤት አጠፋሁት ይሆን?

ልጆቹ በልተው ደብተራቸው ላይ ተደፍተዋል። ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ ሳህን ተከድኖ ይጠብቃል።

«እትዬ፣ ዛሬም እንደ ፈረስ ቆመው ሊበሉ ነው?» አለች ናጊሳ ከደብተሯ ቀና ሳትል።

ስንት ዓመት በድስት ዳር ቆማ የጎረሰችው ሴት ጫማዋን አውልቃ ከልጅቱ ጫማ አጠገብ አኖረችው። ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠችና ክዳኑን አነሳች። ሾርባው እውነትም ቀዝቅዞ ነበር። በላችው።