ረቡዕ ረቡዕ ሆዴን ያመኛል

ከሃያ ዓመት በፊት፣ እስራኤል አገር አፉላ ከተማ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ልብስ አጥብ ነበር። አለቃዬ እትዬ ጥሩወርቅ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ምላሳቸውን የማይፈራ አልነበረም።

አንድ ረቡዕ፣ በምሳ ሀፍሳካ፣ በዕረፍታችን ሰዓት፣ አጠገቤ ቁጭ አሉና እንቁላል በዳቦ ዘረጉልኝ።

«ብላ።»

«ሆዴን አሞኛል፣ እትዬ።»

«ባለፈው ረቡዕም አሞህ ነበር። ትጾማለህ እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ! ምን በወጣኝ!» አልኩ። እናቴ ጎንደር ሆና ወደ እስራኤል የመግቢያ ተራዋን ትጠብቅ ነበር፤ ልጇ አይሁዳዊ ሳይሆን ክርስቲያን ነው ከተባለ ፋይሏ ይዘጋል ብዬ እሰጋ ነበር።

«እንግዲያው ብላ» አሉ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

ተቀብዬ አፌ ድረስ አደረስኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ «ብልሃት ነው» እያልኩ ራሴን ያታለልኩበት ነገር ክህደት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ዳቦውን መልሼ አስቀመጥኩት።

«እጾማለሁ፣ እትዬ። ክርስቲያን ነኝ። እንግዲህ የፈለጉትን ያድርጉ።»

ተነሥተው በሩን ቆለፉት። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ተመልሰው ከቦርሳቸው ሽሮ በእንጀራ አወጡና መሀላችን አስቀመጡት።

«ያንተ ሆድ ገና ሁለት ዓመቱ ነው» አሉኝ። «እኔን ረቡዕና ዓርብ ሲያመኝ አሥራ አንድ ዓመቴ።»